«ፍጥነት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፦ የመኪና አደጋ መንስኤን እንዴት እንደምመረምር

በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት የጻፍኳቸው ሪፖርቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ላይ ቀኑ፣ መሃል ላይ የተጎጂው ዕድሜ፣ ታች ደግሞ «የአደጋው መንስኤ፦ ከመጠን በላይ ፍጥነት»። አንዳንዴ ለለውጥ ያህል «የጥንቃቄ ጉድለት» እላለሁ። ፈርሜ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ፋይሉ ይዘጋል። ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ኩርባ ላይ ሌላ መኪና ይገለበጣል፣ እኔም ያችኑ ቃል እደግማታለሁ።

ዛሬ ሥራውን ለሚጀምሩ ልጆች መጀመሪያ የማሳያቸው ሜትርም ካሜራም አይደለም። ፕላስተር ነው። ቅጹ ላይ «መንስኤ» የሚለውን ሳጥን በፕላስተር እንሸፍነዋለን። የሚላጠው በመጨረሻው ቀን ነው። ሳጥኑ ክፍት ከሆነ እጅ ዝም ብሎ ይሞላዋል፤ አንዴ ከሞላችሁት ደግሞ ዓይናችሁ የሚያየው ለዚያች ቃል የሚስማማውን ብቻ ነው። በራሴ ደርሶብኛል፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቦታው ላይ ስትደርሱ

መጀመሪያ ሰው። የተጎዳ ካለ ማስረጃ ምናምን የሚባል ነገር የለም። የሕክምና ሰዎች በሩን ቢቆርጡት፣ መኪናውን ቢገፉት አትቆጡ። ምን እንደነኩና ምን እንዳዘዋወሩ ጠይቃችሁ ጻፉ፣ በቃ።

ቀጥሎ ራሳችሁ። መርማሪ ሜትር ዘርግቶ መሬት መሬቱን ሲያይ የሚመጣውን መኪና አያይም። አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ። ትራፊኩን የሚጠብቅላችሁ አንድ ሰው ይኑር፤ የእሱ ሥራ ሌላ ምንም አይሁን። ያልፈነዳ ኤርባግ ያለበት መኪና ውስጥ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። ኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ መኪና ከሆነ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች እንዳትነኩ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፈው በእነሱ ነው።

ከዚያ ጊዜ። ሥራዬን የማስኬደው በአስፈላጊነት ቅደም ተከተል አይደለም፤ ቶሎ በሚጠፋው ነው። የፈሰሰ ዘይትና ውሃ ይደርቃል ወይም አሸዋ ይደፋበታል። የጎማ ምልክት መንገዱ ሲከፈት መደብዘዝ ይጀምራል። የሱቅና የሕንጻ ካሜራዎች አሮጌውን ቅጂ በአዲሱ ላይ እየደረቡ ያጠፉታል፣ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ። የተጨረማመተው መኪና ግን ነገም አለ። ስለዚህ ሁሉም ሰው መኪናውን ከቦ ሲያይ እናንተ አስፋልቱን እዩ።

ፎቶ ስታነሱ ከሩቅ ጀምሩ። ከእያንዳንዱ ሾፌር አቅጣጫ፣ ከ100 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ እየቀረባችሁ አንሱ። በእናንተ ቁመት ሳይሆን በሾፌሩ ዓይን ከፍታ ይሁን። የትንሽ መኪና ሾፌር ዓይን ከመሬት ከ1 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፣ የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ለትንሿ መኪና ትንበረከካላችሁ። ቆማችሁ ያያችሁትን እግረኛ ተንበርክካችሁ ስታዩ አጥር ይሸፍነዋል። እዚያው ላይ ግማሹ ምርመራ ያለቀበት ጊዜ አለ።

ፕላኑን ስታነሱ መነሻ የምታደርጉት ነገር ማንም የማያነሣው ይሁን፦ የመብራት ምሰሶ፣ የድልድይ ጫፍ። ሁለት ቋሚ ነጥብ ይዛችሁ ሁሉንም ከሁለቱ ለኩ። ዛሬ ድሮን አለ፣ በሌዘር የሚለካ መሣሪያ አለ፣ ጥሩ ነው። ባትሪው ያለቀ ቀን ግን ሜትርና ጠመኔ ያስፈልጓችኋል።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። አንዴ አስፋልቱ ላይ ጥልቅ ጭረት አገኘሁና «ሁለቱ መኪኖች የተጋጩት እዚህ ነው» ብዬ በእርግጠኝነት ጻፍኩ። ብረት አስፋልት የሚቦጭቀው መኪኖቹ አንዱ ሌላውን ወደ ታች ሲጫነው ስለሆነ፣ ጭረቱ የግጭቱን ቦታ ያሳያል ብዬ ነው። ትክክልም ነው፣ ጭረቱ የግጭቱ ከሆነ። የእኔው ግን ክሬኑ መኪናውን ሲጎትት የሠራው ነበር። ከእኔ ቀድሞ የደረሰ ሰው ያነሣው የስልክ ፎቶ ላይ ጭረቱ የለም። ከዚያ ወዲህ ክሬን ሲመጣ ቆሜ አየዋለሁ፤ መኪናው ከመነሣቱ በፊትና በኋላ መሬቱን ፎቶ አነሣለሁ።

አስፋልቱ ምን ይላል

የጎማ ምልክት ሁሉ የፍሬን ምልክት አይደለም። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጎማ ተቆልፎ ሲንሸራተት ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ መጨረሻው ላይ የሚጎላ ምልክት ይተዋል። ጎማው እየዞረ ወደ ጎን ሲንሸራተት ደግሞ የተጠማዘዘ ምልክት ይወጣል፤ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት ውስጡ ሰያፍ የሆኑ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ይህ ሾፌሩ የያዘው ፍሬን አይደለም፤ ኩርባው መኪናውን ያሸነፈበት ነው። ኤቢኤስ ያለው መኪና ደግሞ ጎማው ስለማይቆለፍ ምልክቱ ደብዛዛና የተቆራረጠ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። «የፍሬን ምልክት ስለሌለ ሾፌሩ ፍሬን አልያዘም» የሚል ሪፖርት ስታዩ፣ ጸሐፊው መኪናው ኤቢኤስ እንዳለው አይቶ እንደሆነ ጠይቁ።

ቀጥ ላለው ምልክት ስሌቱ ቀላል ነው። የምልክቱን ርዝመት በሜትር ውሰዱ። በመንገዱ የመያዝ አቅም አባዙት፤ ይህ መንገዱ ጎማን ምን ያህል አንቆ እንደሚይዝ የሚነግር ቁጥር ነው፣ እንዴት እንደሚለካ ወደ ታች አለ። በ254 አባዙት። ካሬ ሥሩን ውሰዱ። መልሱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይወጣል። ለምሳሌ 25 ሜትር ምልክት በደረቅ አስፋልት ላይ፣ የመያዝ አቅሙ 0.7 ቢሆን፦ 25 ሲባዛ በ0.7 ሲባዛ በ254፣ 4,445 ይሆናል። ካሬ ሥሩ ወደ 67 ነው። የመኪናው ክብደት እዚህ ውስጥ የለም፣ ብዙ ሰው ይገርመዋል።

ይህ 67 ግን ወለል ነው። መኪናው ከዚያ ያነሰ አልሄደም ማለት እንጂ ልክ 67 ሄዷል ማለት አይደለም። ምልክቱ ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑ የያዘበት ጊዜ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ግጭቱ አለ። በግጭቱ ሰዓት 40 ይሄድ እንደነበር በሌላ መንገድ ብታውቁ፣ 67 እና 40 ደምራችሁ 107 እንዳትሉ። ይህን ያደረገ ሰው ሰምቻለሁ፣ ያውም ፍርድ ቤት ቆሞ። የሚደመረው ካሬያቸው ነው፤ ከዚያ ሥሩ ሲወጣ 78 ይሆናል። ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ከመያዝ አቅሙ ላይ ቀንሱ፦ ለ6 በመቶ ቁልቁለት 0.06። ዳገት ከሆነ ጨምሩ።

ለተጠማዘዘው ምልክት ሌላ መንገድ አለ። በምልክቱ ሁለት ነጥቦች መካከል ገመድ ወጥራችሁ ርዝመቱን ለኩ። ከዚያ ከገመዱ መሃል እስከ ምልክቱ ያለውን ክፍተት ለኩ። የገመዱን ርዝመት ካሬ ለክፍተቱ 8 እጥፍ አካፍሉ፣ የክፍተቱን ግማሽ ጨምሩ። የኩርባውን ራዲየስ አገኛችሁ። ራዲየሱን በመያዝ አቅሙና በ127 አባዝታችሁ ሥሩን ስትወስዱ መኪናው መንሸራተት የጀመረበት ፍጥነት ይወጣል።

አሁን ወደ ፕላስተሩ ታሪክ እንመለስ።

አንድ አነስተኛ የጭነት መኪና ሌሊት ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ። ሾፌሩ ተረፈ፣ ረዳቱ አልተረፈም። ጠዋት ስደርስ ፀሐይ ወጥቷል፣ መንገዱ ደርቋል። የተጠማዘዘ ምልክት አለ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገመድ ወጠርኩ፦ 20 ሜትር። ክፍተቱ 80 ሴንቲ ሜትር። ራዲየሱ 63 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ደረቅ አስፋልት ነው ብዬ 0.7 አስገባሁ። 75 ወጣ። የመንገዱ ወሰን 60 ነው። እጄ ወደ ሳጥኑ ሄደች፦ ከመጠን በላይ ፍጥነት።

ግን ምልክቱ ጥቁር አልነበረም። ቡናማ ነበር። ጎማው የደረቀ ጭቃ ላይ የሠራው መስመር ነበር። ፎቶውን አንስቻለሁ፣ ቀለሙን አይቻለሁ፣ አስፋልት ላይ ጭቃ ምን ይሠራል ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ምክንያቱም መልሱን ጽፌ ጨርሻለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ዝናብ ጣለ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የሾፌሩ ቃል «መንገዱ ከሥሬ ጠፋ» የሚል ነበር፤ ሾፌር እንዲህ ሲል ሳቅ ይለኝ ነበር። የዚያን ማታ ግን አልሳቅሁም፣ ተነሥቼ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የውሃ ቦይ አፉ በሣርና በአፈር ተደፍኗል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በኩርባው ላይ አቋርጦ ይፈሳል፣ አፈሩንም ይዞት ይመጣል። አስፋልቱ ላይ ስስ ጭቃ ተነጥፏል። በእግሬ ብረግጠው ተንሸራተትኩ።

የመያዝ አቅሙን እዚያው ለካሁት። ይህን ማንም ሊሠራው ይችላል፦ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ውስጡ ሲሚንቶ ይሞላል፣ ይመዘናል፣ በስፕሪንግ ሚዛን መሬት ለመሬት ይጎተታል። የሚጎትተውን ኃይል ለክብደቱ ማካፈል ነው። የእኔ ቁራጭ 20 ኪሎ ነው። በደረቅ አስፋልት ለመጎተት ሚዛኑ 14 ያሳያል፤ ያ ነው 0.7 የሚባለው። የዚያን ማታ 9 አሳየ። 0.45 ማለት ነው። ስሌቱን እዚያው መኪና ውስጥ ደገምኩት። 60 ወጣ።

ሰውየው በወሰኑ ልክ ነበር የሚነዳው። እኔ 15 ኪሎ ሜትር ጨምሬበታለሁ፣ ያውም በሂሳብ። በማግስቱ ሪፖርቱን ለማረም ስሄድ የክስ ፋይሉ ተከፍቶ ነበር። ታረመ፣ ግን እንደ መጻፉ ቀላል አልነበረም።

መኪናው

«ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ቃል ስትሰሙ ሁለት ነገር አታድርጉ። ወዲያው አትመኑ፣ ወዲያውም አታጣጥሉ። ፍሬን ማርክ ይተዋል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ ሳያስገባ በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ታምቡሩ ይግላል፣ ብረቱ ሰማያዊ ይላል፣ የፍሬን ሸራው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ የተቃጠለ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ይህ ፍሬን አልተበላሸም፤ ደክሟል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከተበላሸ ጋራዡን ትጠይቃላችሁ። ከደከመ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድን ለሾፌሩ ያስተማረው ሰው እንደነበረ፣ መኪናው ስንት እንደጫነ፣ ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንደነበረ ትጠይቃላችሁ። በአየር የሚሠራ ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ደግሞ አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ ስፕሪንጉ የኋላ ጎማዎቹን ይቆልፋል። ስለዚህ «አየሩ በአንዴ አለቀና መኪናው ነጎደ» ሲባል ምልክቱን ፈልጉ።

ጎማ ፈነዳ ሲባል ጥያቄው «ከግጭቱ በፊት ነው ወይስ በግጭቱ?» ነው። ከፈነዳ በኋላ የተነዳ ጎማ ጎኑ በቸርኬው ተፈጭቶ ዙሪያውን ይበላል፤ ውስጡ የጎማ ዱቄት ይገኛል። ግጭት የቀደደው ግን አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው፣ ትይዩው ላይ የታጠፈ ብረት ታገኛላችሁ። አራቱንም ጎማ እዩ፤ የተቀደደውን ብቻ አትዩ። የጥርሱን ጥልቀት ለኩ። ብዙ አገሮች ለትንሽ መኪና 1.6 ሚሊ ሜትርን ዝቅተኛ ወሰን አድርገዋል። የዚያች የጭነት መኪና የኋላ ጎማዎች ጥርስ ከዚያ በታች ነበር። መጀመሪያ ቀን አልለካሁም፤ ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል።

በጣም የምወደው ማስረጃ አምፖል ነው። መብራት በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? ሁለቱ ሾፌሮች አይስማሙም፣ አምፖሉ ግን ይናገራል። የበራ አምፖል ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ የጋለች ስለሆነች ግጭቱ ሲመታት እንደ ክር ትለጠጣለች፣ ትጣመማለች። ያልበራው ሽቦ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይሰበራል ወይም እንደነበረ ይቀራል። ብርጭቆው እየበራ ከተሰበረ ደግሞ አየር ይገባና ሽቦዋ ነጭና ቢጫ ዱቄት ትለብሳለች። በእጅ መነካካት የለም፣ መብራቱን እያበሩ እያጠፉ መሞከርም የለም። ፎቶ አንሱት፣ ከነመያዣው ፈታችሁ አሽጉት። ኤልኢዲ መብራት ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ያሳዝናል።

ቀበቶም እንዲሁ ነው። ሰው የታሰረበት ቀበቶ በከባድ ግጭት ሲጎተት ጨርቁ ይላጫል፣ የሚያልፍበት ፕላስቲክ ላይ የቀለጠ የሚመስል ጭረት ይተዋል። ንጹሕና ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቀበቶ አለመታሰሩን ይጠቁማል።

አዳዲስ መኪኖች ከኤርባጉ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ መመዝገቢያ አላቸው። ከግጭቱ በፊት ያሉትን 5 ሰከንዶች ያህል ይይዛል፦ ፍጥነት፣ ፍሬን ተረግጦ እንደነበር፣ ነዳጅ መስጫው፣ ቀበቶው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2024 ሐምሌ ወዲህ አዲስ የሚመዘገብ ማንኛውም ትንሽ መኪና ይህ ሊኖረው ግድ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ ግማሽ ሥራችሁ ተሠርቶላችኋል። ግን የሚመዘግበው የጎማውን ዙረት መሆኑን አትርሱ፤ ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተ መኪናው ከተጻፈው በላይ እየሄደ ነበር።

ካሜራ ካገኛችሁ ደግሞ ፍሬም ቁጠሩ። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ ላይ መኪናው 10 ሜትር በተራራቁ ሁለት ምሰሶዎች መካከል 15 ፍሬም ከፈጀበት፣ 0.6 ሰከንድ ነው፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር። የካሜራውን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። እስካሁን ሰዓቱ ትክክል የሆነ የሱቅ ካሜራ አልገጠመኝም።

ያየ ሰው

እማኝን «እንዴት ተጋጩ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን አየህ?» በሉ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ቻሉት።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ፍጥነቱን እንዲገምቱ ጠየቋቸው። ልዩነቱ ጥያቄው ውስጥ ያለች አንዲት ግሥ ብቻ ነበረች። «ሲነካኩ» የተባሉት በአማካይ በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ገመቱ። «ሲላተሙ» የሚል ከባድ ቃል የሰሙት ወደ 66 ገመቱ። በሌላ ሙከራ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ ብርጭቆ አይታችኋል?» ተባሉ። ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ፣ «ሲመታው» የሚለውን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ አልነበረም።

ስለዚህ እማኙን ለየብቻ፣ ቢቻል የቆመበት ቦታ ላይ አቁሙት። ፍጥነት ገምት አትበሉት። ድምፁን፣ የት ዞሮ እንዳየ፣ ለምን እንዳየ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው ግጭቱን ሳይሆን የሰማው የ«ጓ!» ድምፅ አዙሮት ቀሪውን ነው ያየው። የፊተኛውን አእምሮው ሞልቶለታል፣ ሳይዋሽ። ሾፌሩንም እንደ ተጠርጣሪ ብቻ አትያዙት። ስንት ሰዓት እንደነዳ፣ መቼ እንደተኛ፣ ማን ቶሎ ድረስ እንዳለው ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ድንጋጤው ሳይለቀው ግን አትጠይቁት።

በዚያው ሰዓት ተመለሱ

በቀን የመረመራችሁት የሌሊት አደጋ ገና አልተመረመረም። ፀሐይ ስትጠልቅ የሾፌሩን ዓይን የምትመታበት ደቂቃ አለ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብትሄዱ አታገኙትም። ሌሊት ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው። በ90 የሚሄድ መኪና በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1.5 ሰከንድ ስጡት፦ 37 ሜትር ሄደ። ለመቆም ሌላ 46 ሜትር ያህል ይፈልጋል፣ በደረቅ መንገድ። ድምሩ ከ80 ሜትር በላይ ነው። በአጭር መብራት ጥቁር የለበሰ እግረኛ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ50 ሜትር በታች ነው። «አይቶ መቆም ነበረበት» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። መቆም ይችል ነበር ወይ የሚለውን ሂሳብ መጀመሪያ ሥሩ።

እዚያ ቦይ ጋ ሌሊት ስመለስ ሌላም አየሁ። የኩርባው ምልክት ቀን ላይ በደንብ ይታያል። ማታ ግን የመኪና መብራት ሲመታው የዛፍ ቅርንጫፍ ከፊቱ አለ፤ የሚያንጸባርቀው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ከዚያ የመንገዱን ዳር በባትሪ እያበራሁ ሣሩን በእግሬ ገለጥኩ። አሮጌ ብርጭቆ። ቀይ የኋላ መብራት ስባሪ፣ ብርቱካናማ የፍሬቻ ስባሪ፣ ከምመረምረው መኪና ያልሆነ የስፖኪዮ ቁራጭ። የመከለያው ብረት ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ተላጭቷል፣ ከሁለቱ ሥር ዝገት ወጥቷል። እዚያ ኩርባ ላይ የወጣው የመጀመሪያው መኪና አልነበረም። ይህን ሁልጊዜ አድርጉ፣ የድሮ ስባሪ ፈልጉ።

መንስኤዎቹን ማስቀመጥ

አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ሃደን እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ያወጣው ሠንጠረዥ እስካሁን ይሠራል። ወደ ታች ሦስት ረድፍ፦ ከግጭቱ በፊት፣ በግጭቱ ወቅት፣ ከግጭቱ በኋላ። ወደ ጎን፦ ሰው፣ መኪና፣ አካባቢ። ዘጠኝ ሳጥን ነው። የጭነት መኪናዋን ሞላሁት። ሰው፣ በፊት፦ ሾፌሩ ከ14 ሰዓት በላይ መሪ ላይ ነበር። መኪና፣ በፊት፦ ያለቀ ጎማ። አካባቢ፣ በፊት፦ የተደፈነ ቦይ፣ የተሸፈነ ምልክት። ሰው፣ በግጭቱ፦ ረዳቱ ቀበቶ አላሰረም። አካባቢ፣ በግጭቱ፦ መከለያው ኩርባው ሳያልቅ ይቋረጣል፣ መኪናዋ የወጣችው በክፍተቱ ነው። አካባቢ፣ በኋላ፦ ስልክ አይሠራም፣ እርዳታ ዘግይቷል።

ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ፦ ይህ ባይኖር አደጋው ይቀር ነበር? ወይስ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር? ሁለቱን አታደበላልቁ። ቀበቶ አለማሰሩ መኪናውን ከመንገድ አላወጣውም፤ ሰውየውን ግን ሳይገድለው አልቀረም።

እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ከ100 አደጋ 94ቱ የሾፌር ጥፋት ነው» ይላችኋል። ቁጥሩ የመጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ግን የሚናገረው በሰንሰለቱ ላይ ስላለው የመጨረሻ ቀለበት ነው፤ ይህ የአደጋው መንስኤ ተደርጎ እንዳይወሰድ ራሱ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ግን ማንም አያነብም። መሪ የያዘው ሰው ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ነው ያለው፤ ስለዚህ ምንጊዜም እሱ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሪፖርቱን ስትጽፉ ያያችሁትን፣ የለካችሁትንና የገመታችሁትን በየገጹ ለዩ። ፍጥነትን በአንድ ቁጥር አትጻፉ፤ «ከ57 እስከ 64» በሉ፣ የመያዝ አቅሙን እንዴት እንዳገኛችሁትም ጻፉ። ከእያንዳንዱ መንስኤ ጎን ማስተካከል የሚችለውን አካል አስቀምጡ። «ሾፌሮች ይጠንቀቁ» የሚል ምክር አድራሻ የለውም። «የቦዩ አፍ ከዝናብ ወቅት በፊት ይጠረግ» የሚለው አካፋ ይዞ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል።

አሁን ፕላስተሩን ላጡት። ሳጥኑ ለአንድ ቃል የተሠራ ስለሆነ አይበቃችሁም። እኔ «አባሪ ገጽ 4ን ይመልከቱ» ብዬ እጽፋለሁ፤ አንድ አለቃ ሁለቴ መልሶልኛል፣ ሁለቴ መልሼ ልኬለታለሁ።

ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን ወደ ቦታው ብቅ በሉ። እኔ ከክረምቱ በኋላ ሄድኩ። ቦዩ ተጠርጓል፣ ውሃው በሥሩ ያልፋል። አስፋልቱ ላይ ጭቃ የለም። ሣሩን በእግሬ እየገለጥኩ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ፣ አዲስ ስባሪ አላገኘሁም። የምልክቱ ቅርንጫፍም ተቆርጧል። ከተቆረጠበት ሥር ግን ሁለት ለምለም ቀንበጦች ወጥተዋል፤ ለካኋቸው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ደርሰዋል። ማስታወሻዬ ላይ ቀኑን ጻፍኩ።